ናኦሚ ግርማን በጎል ብዛት ለሚለካው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድንና ለቼልሲ ስለምትጫወተው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ተከላካይ ስለ ናኦሚ ግርማ ሰሞኑን የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው፣ ለኔም ከየአቅጣጫው ተላከልኝ። ላላነበባችሁት ባጭሩ የሚለው ይሄን ነው፦ ለተከላካይ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ መክፈል እብደት ነው፣ ልጅቷ ጎል አታገባም፣ እዚህ የደረሰችው የአሜሪካ ሲስተም ተሸክሟት ነው፣ የሴቶች ኳስ እንደሆነ ማንም አያየውም፣ ኢትዮጵያዊነቷ የኛ ፉከራ ነው እንጂ ባዶ ነው፣ ወገን ብትሆን ለሉሲዎቹ፣ ለኢትዮጵያ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ ትጫወት ነበር፣ ቼልሲም ገንዘቡን ከፍሎ ያገኘው በሽተኛ ነው። በየተራ እመልሳለሁ፣ ሁሉንም እኩል አይደለም ግን፣ አንዳንዱ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ከገንዘቡ ልጀምር፣ የጽሑፉ ግማሽ እሱ ነውና። ጃንዋሪ 2025 ላይ ቼልሲ ከአሜሪካው ክለብ ሳንዲያጎ ዌቭ ሲወስዳት የተከፈለው 1.1 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው፣ በፓውንድ 900 ሺህ ገደማ፣ በሴቶች እግር ኳስ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያው ዝውውር ነበር። ጸሐፊው ይሄን እብደት ይለዋል። እሺ፣ ማንችስተር ዩናይትድ በ2019 ለሃሪ ማጓየር 80 ሚሊዮን ፓውንድ ሲከፍል ምን አልክ ወንድሜ? (የዩናይትድ ልጆች ይቅርታ፣ ቁስል ልነካካ ፈልጌ አይደለም።) ሊቨርፑል ለቫንዳይክ 75 ሚሊዮን ሲከፍል እዚህ አገር ሻይ ቤቱ ሁሉ ለተከላካይ ይሄ ሁሉ ብር ብሎ ሲስቅ ነበር፣ ከዛ በ2018/19 ሊቨርፑል በ38 ጨዋታ 22 ጎል ብቻ ሲቆጠርበትና አውሮፓን ሲያነሳ ሳቁ ቆመ። ለወንዶቹ የገባን ነገር ለሴቷ ሲሆን ለምን እንደ አዲስ ይጠፋብናል?

ሌላው ነገር ጸሐፊው አሁንም የዓለም ሪከርዱ የሷ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚያወራው። አይደለም። ከሷ በፊት ሪከርዱን የያዘችው ዛምቢያዊቷ ራቼል ኩንዳናንጂ ነበረች፣ በ2024 መጀመሪያ ወደ ቤይ ኤፍሲ ስትሄድ፣ ከናኦሚ በኋላ ደግሞ ገና ስድስት ወር ሳይሞላ ጁላይ 2025 ላይ አርሰናል ለኦሊቪያ ስሚዝ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ፣ በወሩ ኦርላንዶ ፕራይድ ሜክሲኳዊቷን ሊዝቤት ኦቫዬን በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ሁለቱም አጥቂ ናቸው፣ ስለ እነሱ እብደት ነው ብሎ የጻፈ ሰው እስካሁን አላየሁም። እንደውም እኔን ብትጠይቁኝ ቼልሲ በሩ ሳይዘጋ በርካሽ ነው የገባው፣ ኮንትራቱም እስከ 2029 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ጎል አታገባም ወደሚለው። ይሄን ሳነብ ነው መልስ ልጻፍ ያልኩት። ሲጀመር አግብታለች። ኦክቶበር 30 ቀን 2024 አሜሪካ አርጀንቲናን 3 ለ 0 ስታሸንፍ ሁለቱ የናኦሚ ናቸው፣ ለብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያዎቹ ጎሎቿ፣ በአንድ ጨዋታ። ግን ይሄን እንደ መከራከሪያ አላቀርበውም፣ ሁለት ሳይሆን ዜሮ ቢሆንም መልሴ ያው ነበር የሚሆነው፣ ምክንያቱም ዘበኛን ስንት እንግዳ አስገባህ ብሎ የሚገመግም ሰው የለም።

የ2023ን የዓለም ዋንጫ እንይ። አሜሪካ ቬትናምን 3 ለ 0፣ ከኔዘርላንድስ 1 ለ 1፣ ከፖርቱጋል 0 ለ 0፣ ከዛ በጥሎ ማለፉ ከስዊድን ጋር 120 ደቂቃ 0 ለ 0 ወጥታ በፔናሊቲ ተሰናበተች፣ ያውም የመጨረሻዋ ፔናሊቲ በሚሊሜትር መስመሩን አለፈች ተብሎ። ቁጠሩ እንግዲህ፦ በአራት ጨዋታ የገባባቸው ጎል አንድ ብቻ ነው። በሌላ በኩል እነዛ ስማቸው የገነነ አጥቂዎች በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች፣ ማለትም 210 ደቂቃ ሙሉ፣ መረቡን አላገኙትም። ቡድኑ በታሪኩ በጊዜ የተባረረበት የዓለም ዋንጫ ነበር፣ አሜሪካኖቹ ሁሉንም ሲሰድቡ ከስድቡ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ የ23 ዓመቷ ናኦሚ ነበረች። ያውም ከጎኗ የተሰለፈችው ጁሊ ኤርትዝ ብዙ ዓመት አማካይ ሆና የተጫወተች ናት፣ አንጋፋዋ ቤኪ ሳወርብረን ተጎድታ ስለቀረች ነው ወደ ኋላ የተመለሰችው። የአሜሪካ ፌዴሬሽንም የ2023 ምርጥ ሴት ተጫዋች አድርጎ መረጣት። ይሄን ሽልማት ከሷ በፊት ያገኘች ተከላካይ የለችም፣ ሚያ ሃም፣ አቢ ዋምባክ፣ አሌክስ ሞርጋን እያለ የሚሄድ ዝርዝር ነው፣ በአብዛኛው የአጥቂ ዝርዝር። ጽሑፉ ላይ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

የፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ደግሞ አለላችሁ። በ17 ቀን ውስጥ ስድስት ጨዋታ፣ ሩብ ፍጻሜው ከጃፓን ጋር 120 ደቂቃ፣ ግማሽ ፍጻሜው ከጀርመን ጋር እንደገና 120 ደቂቃ፣ በስድስቱም ተሰልፋለች። የገባባቸው ጎል በጠቅላላው ሁለት ነው፣ አንድ ከጀርመን በምድቡ፣ አንድ ከአውስትራሊያ። ከዛ በኋላ በጥሎ ማለፉ ሦስት ጨዋታ ሦስቱንም 1 ለ 0። ሰው የሚያስታውሰው የትሪኒቲ ሮድማንን ጎል፣ የሶፊያ ስሚዝን ጎል፣ በፍጻሜው ብራዚል ላይ የማሎሪ ስዋንሰንን ጎል ነው፣ ልክ ነው ያምራሉ፣ ግን አንድ ጎል ወርቅ የሚሆነው ከኋላ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። እዚህም ከጎኗ ያለው ሰው ተቀያይሯል፣ ቲየርና ዴቪድሰን ስትጎዳ ኤሚሊ ሶኔት ገባች፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ ሲለዋወጥ የማትለወጠው እሷ ነበረች። በኦሎምፒኩ ጊዜ የቡድኑ አሰልጣኝ ኤማ ሄይስ በሕይወቴ ካየኋቸው ተከላካዮች ሁሉ ምርጧ እሷ ናት ብላ ተናገረች። ኤማ ሄይስ ማለት ቼልሲን 12 ዓመት ያሰለጠነች ሴትዮ ናት፣ የእንግሊዝን ሊግ እየደጋገመች የወሰደች፣ ጎበዝ ተከላካይ ሳታይ ቀርታ አይደለም እንዲህ ያለችው።

ጸሐፊው ጨዋታዎቿን ሙሉውን አላያቸውም ብዬ እገምታለሁ፣ ምክንያቱም ሃይላይት ብቻ የሚያይ ሰው ናኦሚን ሊያያት አይችልም። ሃይላይት ውስጥ የሚገባው ነገር ገና ሲጀመር የምታጠፋው ነገር ነው። አየር ላይ ተወርውራ መሬት ለመሬት ተንሸራታ ኳስ የምታወጣ ተከላካይ ታስጨበጭባለች፣ ግን ብዙ ጊዜ ያ የሚመጣው ቀድማ ቦታዋን ስለሳተች ነው። ናኦሚ እግሯ ላይ ትቆማለች። አጥቂዋ ኳስ ተቀብላ ፊቷን ወደ ጎል ለማዞር ስታስብ አጠገቧ አለች፣ አትዘልባትም፣ ሰውነቷን ጎን አድርጋ ወደ መስመሩ ትገፋታለች፣ ጊዜ ታስበላታለች፣ ከዛ ልጅቷ ኳሱን ትንሽ ራቅ አድርጋ የነካች ሰዓት ብቻ እግሯን ትሰዳለች። አሜሪካ ወደፊት ገፍታ ስትጫወት ከጀርባዋ ሰፊ ሜዳ ነው የሚቀረው፣ እዛ ሜዳ ላይ ረጅም ኳስ ሲጣል የሚቀድም ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ከቀማች በኋላ ደግሞ ዝም ብላ አትጠልዘውም፣ ቀና ብላ አይታ በሁለት አማካዮች መሃል ሰንጥቃ ትልከዋለች፣ በአንድ ፓስ አራት ተጋጣሚ ይታለፋል። ጎል ሲገባ ግን ካሜራው አጥቂዋ ላይ ነው የሚሄደው። በነገራችን ላይ የእንግሊዝ ኮሜንታተሮች ማሊያዋ ላይ ያለውን ስም ሲጠሩ የአባቷን ስም ነው የሚጠሩት፣ በየሳምንቱ ግርማ ግርማ ሲሉ እኔ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ሲስተሙ ነው የተሸከማት የሚለው ነጥብ ግማሽ እውነት አለው፣ ያቺን ግማሽ አልክድም። አሜሪካ ከ1972 ጀምሮ ታይትል ናይን የሚባል ሕግ አላት፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በፆታ እንዳያዳላ ያስገድዳል፣ የኮሌጅ የሴቶች ስፖርት በዛ ሕግ ነው የፈነዳው፣ ናኦሚም ስታንፎርድ ገብታ ከዛ ተጠቅማለች። ግን ሲስተሙ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ለምን ሁሉም ናኦሚ አልሆነም? ሌላው ጸሐፊው የዘለለው፣ አሜሪካ ውስጥ የልጆች ኳስ በነጻ አይደለም፣ ጥሩ ክለብ ውስጥ ልጅ ማስገባት በዓመት በሺዎች ዶላር የሚያስወጣ ነገር ነው፣ ማሊያው፣ ጉዞው፣ ሆቴሉ። ስደተኛ ቤተሰብ ይሄን እንዴት እንደሚያየው እዛ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ።

እና ከየት ጀመረች? ማለዳ ከሚባል ነገር። ሳንሆዜ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያሉ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች፣ አባቷም ከመሥራቾቹ አንዱ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ልጆቻቸውን ሰብስበው ኳስ የሚያጫውቱበት ነገር ነበር። አሰልጣኝ የለ፣ ስካውት የለ፣ ትልቅና ትንሽ ተቀላቅሎ ይራገጣል፣ ወላጆች ዳር ላይ ምግብ ይዘው በአማርኛ ያወራሉ። ናኦሚ ኳስ የጀመረችው እዛ ነው በአምስት ዓመቷ። ዓላማው ዓለም ሻምፒዮን ማውጣት አልነበረም፣ ልጆቹ እርስ በርስ እንዲተዋወቁ ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያዊነቷ ባዶ ፉከራ ነው የሚለውን እዚሁ ልመልሰው፦ ፉከራው የኛ የሩቆቹ ከሆነ አላውቅም፣ ምናልባት አለ፣ ሜዳሊያ ሲመጣ ሁላችንም ዘመድ ነን። የማለዳ ወላጆች ግን አልፎከሩም፣ ቅዳሜያቸውን ነው የሰጡት። እሷም በየቃለ መጠይቁ ይሄን ሳትጠየቅ አንስታ ታወራለች። ጸሐፊው ማለዳ የሚለውን ስም እንኳን አልጠቀሰም፣ ስለ ልጅቷ ኢትዮጵያዊነት ሦስት አንቀጽ ጽፎ።

እድገቷም በአንድ ሌሊት አይደለም። ለ20 ዓመት በታች ቡድን አምበል ነበረች፣ በ2020 የፌዴሬሽኑ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለች። ከዛ በፊት ዲሴምበር 2019 ላይ ስታንፎርድ የኮሌጅ ሻምፒዮን ሲሆን እዛው የተወለደችበት ከተማ ሳንሆዜ ላይ ነበር ፍጻሜው፣ ኖርዝ ካሮላይናን ጎል ሳይቆጠርባቸው በፔናሊቲ። በረኛዋ ኬቲ ማየር ሁለት ፔናሊቲ ያዳነችበት ቀን። ከዛ ናኦሚ የጉልበቷ ጅማት ተበጥሶ ረጅም ጊዜ ቆመች፣ ያቺን ጅማት በጥሶ መመለስ ስንት ተጫዋች እንዳስቀረ ኳስ የሚያውቅ ያውቃል። በ2022 ድራፍት፣ የአሜሪካ ክለቦች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ አንደኛ ተመርጣ ሳንዲያጎ ገባች፣ ክለቡም ያኔ ገና የተመሠረተ ነው፣ አሰልጣኟ ደግሞ ኬሲ ስቶኒ፣ ራሷ የእንግሊዝ ተከላካይና አምበል የነበረች። ለአንዲት ጀማሪ ተከላካይ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም፣ ዕድል ካላችሁ ይሄኛውን ዕድል በሉት እሺ እላለሁ። በዛው የመጀመሪያ ዓመቷ የሊጉ ምርጥ ጀማሪም ምርጥ ተከላካይም እሷ ሆነች፣ በቀጣዩ ዓመት ምርጥ ተከላካይነቱን ደገመችው፣ ቡድኑም በ2023 ሊጉን በነጥብ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ።

በዛች የመጀመሪያ ዓመት፣ ማርች 2022 ላይ፣ ኬቲ ማየር ሕይወቷ አለፈ። የቅርብ ጓደኛዋ ነበረች። ናኦሚ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ዋንጫውን ለሷ መታሰቢያ አደረገች፣ ከጓደኞቿ ጋር ሆና ስለ አእምሮ ጤና በግልጽ የሚወራበት ዘመቻ ጀመረች። ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ ከኳስ ውጪ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም ይላል። ይሄን በምን እንደምጠራው አላውቅም፣ ልለፈው።

ማንም አያየውም የሚለው ላይ ጊዜ አላጠፋም። ሴፕቴምበር 2022 ሳንዲያጎ በአዲሱ ስታዲየም የመጀመሪያ ጨዋታውን ከኤንጀል ሲቲ ጋር ሲያደርግ 32 ሺህ ሰው ገብቷል። ኧረ እሱን ተዉት፣ በ1920 የገና ማግስት ሊቨርፑል ከተማ ጉዲሰን ፓርክ ስታዲየም የሴቶች ጨዋታ ለማየት 53 ሺህ ሰው ገብቶ ነበር፣ በዓመቱ የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ሴቶች በክለቦች ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከለ፣ ክልከላው ወደ 50 ዓመት ቆየ። ሰው ስላላየው አይደለም ወደኋላ የቀረው።

አሁን ሉሲዎቹ። ብዙ ሰው ላይክ ያደረገው ይሄን ክፍል ነው፣ ስሜትም ስላለበት ይገባኛል። ግን ስሜቱን ለጊዜው ትተን ሕጉን እንይ። በፊፋ ሕግ ለአንድ አገር ለመጫወት መጀመሪያ የዛ አገር ዜጋ መሆን አለብህ። በኛ ሕግ ደግሞ፣ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው)፣ ጥምር ዜግነት የለም። ውጭ አገር ተወልዶ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ 18 ከሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ያኛውን ትቶ የኢትዮጵያን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ በፈቃዱ እንደተወው ነው የሚቆጠረው። ናኦሚ ጁን 2000 ነው የተወለደችው። ስለዚህ ስትወለድ ወላጆቿ የኢትዮጵያ ዜግነት ነበራቸው ብለን ብናስብ እንኳን፣ ስታንፎርድ በገባችበት ዓመት የአሜሪካ ፓስፖርቷን መመለስ ነበረባት ማለት ነው፣ ያደገችበትን፣ የተማረችበትን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ማሊያውን የለበሰችውን አገር። ቢጫ ካርድስ ትሉኝ ይሆናል፣ የዳኛውን ሳይሆን ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን መታወቂያ፣ እሱ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ሥራ ያሠራል፣ ዜጋ ግን አያደርግም፣ ፊፋም አይቀበለውም። ከዛ ደግሞ ከኛ በኩል ጥሪ ተደርጎላት እምቢ ማለቷን የሚያሳይ ምንም ነገር ጽሑፉ ላይ የለም። ያልተጠራ ሰው ቀረ ተብሎ አይወቀስም። ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ ለቼክ ሲጫወት፣ በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ፣ እሱም ተከላካይ ነው እሱም ኢትዮጵያዊ አባት ነው ያለው፣ ሁላችንም ቲቪ ፊት ቁጭ ብለን ስናጨበጭብ ነበር፣ ከሃዲ ያለው ሰው አላስታውስም። ወንድ ስለሆነ ይሆን?

ደግሞስ ለሉሲዎቹ ያን ያህል የምናስብ ከሆነ ጽሑፉ ስለ ሉሲዎቹ አንድ ነገር ይንገረን እንጂ። በ2004 በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ የወጣ ቡድን ነው። ሎዛ አበራ የምትባል ልጅ አለች፣ ከዱራሜ ተነስታ ስዊድን ሄዳ፣ ማልታ ሄዳ ከቢርኪርካራ ጋር ሻምፒዮን ሆና፣ ንግድ ባንክን አገልግላ፣ በ2024 ዋሽንግተን ላለው ዲሲ ፓወር የፈረመች። ንግድ ባንክ በ2024 አዲስ አበባ ላይ የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን) ማጣሪያ አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ገብቷል። ስንቶቻችን ስታዲየም ገባን? በዛ ሁሉ ገጽ የሎዛ ስም አንዴም አልተነሳም። ለሉሲ ያልተቆረቆረ ብዕር ናኦሚን ለመምታት ሲሆን ብቻ ሉሲን ያስታውሳል።

የመጨረሻው ጉዳት ነው፣ እዚህ ጋ ጸሐፊው ጥሩ ጥያቄ አንስቷል፣ ብቸኛው ጥሩ ጥያቄ። አዎ ባቷን አሟት ነው ቼልሲ የገባችው፣ ማርች 2025 ላይ ከብራይተን ጋር የመጀመሪያ ጨዋታዋን ስታደርግ ሳትጨርስ ተጎድታ ወጣች፣ ከዛም ሳምንታት ቆማለች። ቼልሲ በዛ ዓመት ሊጉን ሳይሸነፍ ወሰደ፣ 19 አሸንፎ 3 አቻ፣ ኤፍኤ ካፑንም ሊግ ካፑንም ጨመረ፣ ይሄ ሁሉ ግን በዋናነት የሷ ሥራ ነው ብዬ አልዋሽም፣ አብዛኛውን ጊዜ ተመልካች ነበረች። ኮሌጅ ላይ ጉልበት፣ ከዛ ባት፣ የሚያሳስብ ነገር ነው፣ የሴቶቹ ካላንደርም እየተጨናነቀ ነው፣ እዛው ቼልሲ ውስጥ በ2024 መጀመሪያ ሳም ኬርና ሚያ ፊሸል በተከታታይ ጉልበታቸውን በጥሰዋል። የሴቶች ተጫዋቾች የጉልበት ጅማት ከወንዶቹ በላይ እንደሚጎዳ እየታወቀ ጥናቱም ሕክምናውም ጫማውም ገና ለወንድ የተሠራውን ነው የሚከተለው። ስለዚህ ስጋት ከሆነ አብሬህ እሰጋለሁ። በሽተኛ ገዙ ብሎ መሳለቅ ግን ሌላ ነገር ነው፣ የአራት ዓመት ተኩል ኮንትራት በመጀመሪያው ወር አይዘጋም።

ጸሐፊው ክፍል ሁለት ይቀጥላል ብሏል። ከመቀጠልህ በፊት ወንድሜ አንድ ነገር አድርግልኝ፣ የስዊድኑን ጨዋታ ሙሉውን 120 ደቂቃ ፈልገህ ክፈት፣ ኳሷን ተዋት፣ 4 ቁጥርን ብቻ ተከተል፣ ጻፍ ከዛ።